እንቅልፍ ያጣችው መኪና

ማክሰኞ 6

ዛሬ ጠዋት የኤሌክትሪክ መኪናችን አልነሳም አለች። በሯንም አልከፍትም አለች። ባሌ ቁልፉን አንዴ ተጫነ፤ ቀጥሎ በትሕትና ተጫነ፤ ቀጥሎ ሰደባት። ማታ ስልኬ ላይ ሳያት ሰማንያ አንድ በመቶ ሞልታ ነበር። ሰማንያ አንድ በመቶ ጠግቦ በር መክፈት የሚያቅተው ሌላ የማውቀው ፍጡር የምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነው፤ እሱም ከምሳ በኋላ ብቻ።

የመኪና ኤሌክትሪሺያን ጠራን። ጣቶቹ እንደ ቡሎን የወፈሩ፣ ድምፁ ግን እንደ አስታማሚ የለዘበ ሰው ነው። ከሪሞት ቁልፉ ሆድ ውስጥ አንዲት ቀጭን የብረት ቁልፍ መዝዞ በሩን ከፈተ። ሁለት ዓመት ኪሳችን ይዘናት ስንዞር እዚያ ውስጥ መኖሯን አናውቅም ነበር። ኮፈኑን አነሳና ከጡብ ብዙም የማትበልጥ ባትሪ አሳየን።

«ጋሼ፣ የሞተችብዎ ይቺ ናት።»

«ይቺ ደግሞ ማን ናት? የኔ መኪና ባትሪ ከወለሉ ሥር ነው። አልጋ ያክላል።»

«እሱማ ደህና ነው። ጎማውን የሚያዞረው እሱ ነው። ግን እሱን ከመኪናዋ ጋር የሚያገናኘውን ማብሪያ የምትጫነው ይቺ ናት። በሩን የምትከፍተው፣ ኮምፒውተሩን የምትቀሰቅሰው ይቺው ናት። ይቺ ከሞተች ትልቁ እንደሞላ ቁጭ ይላል።»

«የኔም ሐኪም ሌላው ሁሉ ደህና ነው ብሎኛል» አለ ባሌ።

ኤሌክትሪሺያኑ በኬብል አስነሳት። ባሌ ቀጠሮው ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ዘግይቶ ደረሰ።

ረቡዕ 7

ትናንት ደክሞኝ ያልጻፍኩትን ልጻፍ።

ባሌ ሚዛን ፈታሽ ነው። የእህል መጋዘን ሚዛኖች እውነት ይናገሩ እንደሆነ እየዞረ ያጣራል። መሣሪያው አሥር ብረት ነው፤ እያንዳንዱ ልክ ሃያ ኪሎ። ሁሉም ከመኪናዋ ኋላ ተደርድረው ይኖራሉ። ከሁለት ወር በፊት ደረቱን ይዞ ወጥ ቤታችን ወለል ላይ ተቀመጠ፤ ዘጠኝ ቀን ሐኪም ቤት ተኛ። ሲወጣ ሐኪሙ ከአምስት ኪሎ በላይ እንዳያነሣ ነገረው። ባሌም «ብረቱን የመጋዘኑ ጫኞች ያወርዱልኛል» አለ። ሐኪሙ አመነው። ሐኪሙ ሠላሳ አንድ ዓመት አብሮት አልኖረም።

አዲሱ እህል ሳይገባ ስምንት መጋዘኖች መፈተሽ አለባቸው። ሥራውን የሚሰጠው ድርጅት የሥምሪት ኃላፊ በጣም ጨዋ ሰው ነው። «አባባ፣ ሦስት ቀጠሮ ካለፈዎ ለሌላ ሰው ልሰጠው ነው፤ ለጤናዎም አስቤ ነው» ብሎታል። ሥራው ከእጁ ቢወጣ ባሌ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ባይወጣ ምን እንደሚሆንም አውቃለሁ።

ስለዚህ የመኪናዋን አፕ ስልኬ ላይ ጫንኩት። የት እንደቆመች፣ ስንት በመቶ እንደቀራት፣ የትኛው በር እንደተከፈተ ያሳያል። እሱ የሚይዘው ቁልፎቹ የተፋቁ አሮጌ ስልክ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም አያውቅም። አልነገርኩትም። አልጠየቀኝም።

ሐሙስ 8

ችኮላ። 2:20 ወጣ። 3:05 መጋዘን ግቢ ገባ። 3:07 የኋላ በር ክፍት። 3:18 ዝግ።

አሥራ አንድ ደቂቃ። ሁለት ጫኞች ካወረዱት ብዙ ነው። አንድ ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው ካወረደው ልክ ነው።

3:25 እዚያው። 3:30 እዚያው። 3:34 እዚያው። እዚያው መሆኑ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?

ሰኞ 12

በንባብ ክፍል ሁለት ተማሪዎች ከመደርደሪያው ጀርባ ሲያወሩ ሰማሁ።

«ሴትዮዋን አየሻት? በደቂቃ አንዴ ነው ስልኳን የምታየው።»

«ፍቅር ይዟት ነው ባክሽ።»

«በዚህ ዕድሜዋ?»

«በዚህ ዕድሜ ነው የሚብሰው።»

«ጸጥታ» የሚለውን ሰሌዳ በጣቴ አሳየኋቸው። ልጅቷ የተናገረችው ውስጥ ግን የሚታረም ነገር አላገኘሁም።

ሐሙስ 15

መኪናዋ ከሁለት መንደር መሃል፣ ሱቅም ቤትም ከሌለበት መንገድ ዳር ቆመች። አምስት ደቂቃ። አሥር። አሥራ አምስት ላይ የተመለሱ መጻሕፍት የተጫነበትን ጋሪ ኮሪደር ላይ ትቼ ደወልኩ።

«ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ። ስልክ እያወራሁ ነው የቆምኩት።»

«ከማን ጋር?»

«ካንቺ ጋር።»

«ከኔ በፊትስ?»

«ካንቺ በፊት ሕይወት አልነበረኝም» አለና ሳቀ። ሳቁ አጭር ነበር፤ መሃሉ ላይ ትንፋሽ ወስዶበታል።

በጠቅላላው ሃያ ሁለት ደቂቃ ቆመ። ማታ ሲገባ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። «ሙቀቱ!» አለ። ቀኑን ሙሉ ደመና ነበር። ውኃ አቀረብኩለትና ስለ ደመናው ዝም አልኩ። ስለ ደመናው ከተናገርኩ ስለ ሃያ ሁለቱ ደቂቃ ልናገር ነው፤ ስለ እሱ ከተናገርኩ ደግሞ እንዴት እንዳወቅኩ ልናገር ነው።

ቅዳሜ 17

ዛሬ ዕረፍቴ ነበር። ሌላ ሥራ ስላልነበረኝ ቀኑን ሙሉ እሱን ስጠብቅ ዋልኩ፤ ስልኬ ከእጄ አልወጣም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አፑ «መኪናው አይገኝም» አለኝ። ከአፍታ በኋላ ባሌ ደወለ። ባትሪዋ መጋዘን ግቢ ውስጥ ሞታበታለች፤ ለከሰዓቱ መጋዘን አይደርስም።

የሞተችው መኪናዋ በመሆኗ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ከዚያ ስለ መኪናዋ አዘንኩ። በቅደም ተከተል ነው የጻፍኩት።

አንድ ቀጠሮ አለፈ።

እሑድ 18

የባሌ እህት ደወለች። እሷ ስትደውል ስልኩን ከጆሮዬ አንድ ስንዝር አርቄ ነው የምይዘው።

«ወንድሜን በዚህ ልቡ ብረት ያሸክሙታል፤ አንቺ ደግሞ ዝም ብለሽ ታያለሽ!»

«ዝም ብዬ አይደለም የማየው» አልኳት።

«ታዲያ ምን እያደረግሽ ነው?»

ስልኩን ሌላ ስንዝር አራቅኩት። እያየሁ ነው።

ማክሰኞ 20

አዲስ ትንሽ ባትሪ ተገዛ። ኤሌክትሪሺያኑ ሌሎች ተጠርጣሪዎችንም በተርታ ጠርቶ መረመረ። የፊት መስታወቱ ላይ ያለችው ካሜራ መኪናዋ ቆማም ባትሪውን ስለምትበላ ተነቀለች። የውስጥ መብራት ታየ፤ ንጹሕ ነው። «ቁልፉንስ የት ነው የምታስቀምጡት?» ከመኪናዋ ጋር ግድግዳ ብቻ ከሚለየው የመግቢያ በር ጀርባ፣ ሚስማር ላይ። «በሉ አርቁት። ቁልፉ በቀረባት ቁጥር ጌታዬ መጣ ብላ ትነቃለች።»

ባሌ ቁልፉን ወጥ ቤት ወስዶ ባዶ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ ከተተው። «መኪናዋ ካንኳኳች የለም በሏት» አለ።

ዓርብ 23

በአዲሱ ባትሪም ሞተች። ጠዋት። ሁለተኛ ቀጠሮ አለፈ።

ባሌ የመኪናዋን አፍንጫ ተደግፎ ለረጅም ጊዜ ቆመ። «ሰው ሲያረጅ ዕቃውም ያውቅበታል» አለ። ከዚያ ወደ ቤት ገባ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ሶፋው ላይ ጋዜጣ ዘረጋ። ገጹን ለአንድ ሰዓት አላገላበጠውም።

እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ ቤት በመዋሉ ደስ ብሎኛል። ይሄን ከጻፍኩ በኋላ ልሰርዘው ነበር። ይቀመጥ። ሰው ባያውቀው እንኳ ወረቀት ይወቀው።

ማክሰኞ 27

መኪናዋ ሦስት ቀን ጋራዥ አደረች። ባሌ ሦስት ቀን ቤት ዋለ። የወደቀ መጋረጃ ሰቀለ፤ ያልተበላሸ ቧንቧ ጠግኖ አበላሸ። እኔ ከሥራ ስመለስ የት እንዳለ ለማወቅ ጮክ ብዬ መጥራት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ስልኬን የት እንዳስቀመጥኩት እስክረሳ ድረስ ተኛሁ።

ኤሌክትሪሺያኑ ዛሬ ሲያስረክበን ግራ ተጋብቷል።

«ምንም የለባትም። ሦስት ሌሊት አሳደርኳት፤ ጠዋት ጠዋት ያለ አንዳች ችግር ተነሣች። እንዴት ልበላችሁ፣ መኪናዋ ጤነኛ ናት። ቤታችሁ ነው የሚያሳምማት።»

«ቤታችን ውስጥ ምን አለ?» አለ ባሌ።

«እሱን እናንተ ታውቃላችሁ።»

ሐሙስ 29

ሥራ ጀመረ። ሩቅ መጋዘን። ከሰዓት ለአዲስ መጻሕፍት ካርድ መጻፍ ነበረብኝ፤ ስድስት ጻፍኩ፤ ሁለቱን ስሕተት።

የኋላ በር፣ አሥራ አራት ደቂቃ። ባለፈው አሥራ አንድ ነበር። ሥራው አልጨመረም፤ ብረቶቹም ያው አሥር ናቸው። የጨመረው ምንድን ነው?

ሰኞ 3

አዲስ ወር፣ አሮጌ ነገር። ሞተች። ሦስተኛ ቀጠሮ።

የሥምሪት ኃላፊው በጨዋነቱ እንደጸና ነው። ከቀሩት ሦስት መጋዘኖች ሁለቱን ለሌላ ሰው ሰጠ፤ አንዱን፣ የሐሙስ 13ቱን፣ «ለአባባ ክብር ስል» ብሎ ተወለት። እሱንም ካጣ ለከርሞ ስሙን ከመዝገብ ያወጣል። ባሌ ስልኩን ሲዘጋ «ጥሩ ልጅ ነው» አለ። ድምፁ ግን ስለ ሞተ ሰው የሚናገር ይመስል ነበር።

ረቡዕ 5

ይሄን በዝርዝር መጻፍ አለብኝ፤ በኋላ ለራሴ አሳምሬ እንዳልነግረው።

ኤሌክትሪሺያኑ በዛሬው ዕለት ላፕቶፕ ይዞ መጣ። ገመዱን ከመሪው ሥር ሰካና እዚያው የሾፌር ወንበር ላይ ተቀመጠ። እኔና ባሌ በተከፈተው በር በኩል አንገታችንን አስገብተን ቆምን።

«ጋሼ፣ መኪና ሲቆም ይተኛል። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ይጠፋሉ፤ ትንሿ ባትሪ ታርፋለች። ይቺ ግን እንቅልፍ የላትም። እዩ፤ እያንዳንዱ መስመር አንድ መቀስቀስ ነው። አንዴ ከተቀሰቀሰች ተመልሳ እስክትተኛ አሥር ደቂቃ ይፈጅባታል፤ ያን ሁሉ ጊዜ ከትንሿ ነው የምትጠጣው። ትንሿ ደግሞ የምትሞላው መኪናዋ ስትበራ ብቻ ነው።»

«ስንት ጊዜ ተቀሰቀሰች?»

«ባለፈው ሐሙስ ብቻ መቶ አሥራ ሁለት።»

«ሌባ ነው!» አለ ባሌ።

«ሌባ መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ አይመጣም፣ ጋሼ። አንዴ መጥቶ ይዟት ይሄዳል። ይሄ በስልክ የሚጠይቃት ሰው ነው። የት ነሽ፣ ተቆልፈሻል ወይ፣ ስንት ቀረሽ እያለ።»

በዚህ ቅጽበት ላፕቶፑ ላይ አንድ አዲስ መስመር ወጣ። ኤሌክትሪሺያኑ መስመሩን አየ። ከዚያ እጄን አየ። እኔም እጄን አየሁ። ስልኬ ተከፍቶ፣ የመኪናችን ትንሽ ሥዕል በደንብ በርቶ፣ «የሾፌር በር ክፍት» ይላል። በሩን ደግፌ ቆሜ፣ በሩ ክፍት መሆኑን እያጣራሁ ነበር።

«እትዬ» አለኝ በዚያ የአስታማሚ ድምፁ፣ «እርስዎ ነዎት እንዴ?»

እኔ ነኝ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል።

ባሌ ኤሌክትሪሺያኑን እስከ በር ሸኘው፤ ተመልሶ መጣና መኪናዋ ውስጥ ገባ፤ የጎኑን ወንበር በመዳፉ መታ መታ አደረገ። ገብቼ ተቀመጥኩ። የትም አልሄድንም። ሁለታችንም የግቢውን ግድግዳ እያየን ተቀመጥን።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለኝ።

«ከሐኪም ቤት ከወጣህ ጀምሮ።»

«የት እንደቆምኩ ያሳያል?»

«ያሳያል።»

በመስታወቱ ወደ ኋላ አየና፣ «የኋላው በርስ ሲከፈት?»

«ያሳያል።»

«ስንት ደቂቃ እንደሆነም?»

«እንደሆነም።»

ጉንጮቹን በአየር ነፍቶ ቀስ ብሎ አወጣው። «እንግዲያው ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። ጫኞቹስ?»

«ጫኞቹ እህል ነው የሚጭኑት። ለብረት አይከፈላቸውም። ለምን ዝም አልሽ?»

«ማወቄን ብታውቅ መኪናዋን ከመጋዘኑ ውጭ ታቆማት ነበር።»

ካሰበበት በኋላ «አቆማት ነበር» አለ።

ሦስቱንም ቀጠሮ ያስቀረሁበት እኔ መሆኔን ለመናገር አፌን ስከፍት እጁን አነሣ። «እሱን ተይው። ሒሳቡን እኔ ሠርቼዋለሁ።» አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

አፑን ፊቱ አጠፋሁት። ስልኩ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁለት ጊዜ።

ሰኞ 10

አምስት ቀን። መኪናዋ በየጠዋቱ ያለ ኬብል ትነሣለች። እሱ ሰሞኑን የሱቅ ሚዛን ነው የሚፈትሸው፤ ትልቁ ብረት ሁለት ኪሎ ነው፤ ቢሆንም የት እንዳለ አላውቅም። አለማወቅ ሥራ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ካርድ እየጻፍኩ አውራ ጣቴ ብቻውን ወደ ስልኩ ይሄዳል፤ የሚነካው ነገር ሲያጣ ይመለሳል።

እኩለ ቀን ላይ ራሱ ደወለ።

«ምን ፈለግክ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን ደወልክ?»

«ምንም እንዳልፈለግኩ ልነግርሽ።»

ስለ ሐሙሱ መጋዘን አንዳችንም አላነሣንም። አሥሩ ብረት ከመኪናዋ ኋላ ነው ያለው።

ሐሙስ 13

ጠዋት ሥራ ቦታ ደውዬ ፈቃድ ወሰድኩ። ባሌ ጫማውን ሲያስር አጠገቡ ቆሜ ጠፍጣፋ ጫማዬን አደረግሁ።

«ወዴት?»

«ብረት ላወርድ።»

ቀና ብሎ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ በዕድሜዬ ካነሣሁት ሁሉ የከበደው ባለ ሁለት ቅጽ መዝገበ ቃላት ነው። ሊስቅ ነበር፤ ተወው።

መጋዘኑ ውስጥ ጆንያው እስከ ጣሪያ ነው፤ አቧራው ጉሮሮ ላይ ይቆማል። የኋላውን በር ከፈትኩ። ሃያ ኪሎ ወረቀት ላይ አጭር ቃል ነው። እጀታውን ይዤ ሳብኩት፤ አልመጣም፤ በሁለት እጄ፣ በጉልበቴ፣ በጥርሴ ሳብኩት፣ መጣ። ከመኪናዋ እስከ ሚዛኑ ዐሥራ ስድስት እርምጃ ነው። ስድስተኛው ብረት ላይ ዓይኔ ብልጭ ብልጭ አለ። እሱ ይሄን ሁሉ ጊዜ ብቻውን ያመላልስ ነበር፤ ከሐኪም ቤት ከወጣ ጀምሮ፣ ማውረድ ብቻ ሳይሆን መልሶ መጫንም።

የመጋዘኑ ጠባቂ ዳር ቆሞ አየኝ። «እትዬ፣ አዲስ ተቀጣሪ ነዎት?»

«ለሙከራ ነኝ።»

ባሌ እያንዳንዱን ብረት የሚዛኑ አራት ማዕዘንና መሃሉ ላይ እንዳስቀምጥና እንዳነሣ አዘዘኝ። «ትንሽ ወደ ግራ፣ እመቤቴ።» «ቀስ፤ አትጣይው።» ሚዛኑ በሃያ ኪሎ ሁለት መቶ ግራም እያሳነሰ ነበር።

«ሁለት መቶ ግራም ምን አላት፣ አባባ?» አለ ጠባቂው።

«ያመጣውን ገበሬ ጠይቀው» አለ ባሌ። «ያመጣውን አይደለም የምትጽፉለት፤ ያነሰውን ነው።»

ይሄን ብሎ አንድ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ምንም አላነሣም፤ አሥሩንም ያነሣሁት እኔ ነኝ። ያም ሆኖ ግንባሩ ላይ ላብ አለ፤ ቀኝ እጁ የሸሚዙን ቁልፍ የሚያስተካክል መስሎ ደረቱን ያሻል። አፑ ይሄን አያሳይም ነበር። ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ብረት ታቅፌ ቆሜ አየሁት፤ እሱም እንዳየሁት አየ። እጁን አላወረደም።

ሚዛኑን አስተካከለ፤ ወረቀቱን ፈረመ፤ ማኅተሙን አተመ። ሥራው ተሠራ። የሥምሪት ኃላፊው በስልክ አመሰገነውና ለከርሞም ከእሱ ጋር እንደሚቀጥል ነገረው። ባሌ «እናያለን» አለ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ስለ ሥራው «እናያለን» ሲል ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።

ወደ ከተማ ስንመለስ ክንዶቼ ይንቀጠቀጡ ስለነበር ቀበቶውን እሱ አሰረልኝ። ከድልድዩ በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ቤታችን በቀኝ ነው። መሪውን ወደ ግራ አዞረ። በግራ የቀለም ፋብሪካ፣ ሁለት ትምህርት ቤቶችና ሐኪም ቤቱ አሉ። ቀለምም ትምህርትም እንዳልፈለገ አውቄ ዝም አልኩ። ዝም ማለት እንዲህ ከብዶኝ አያውቅም፤ ከብረቱ ይበልጣል።

ከሐኪም ቤቱ ፊት ለፊት አቆመ። ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠ።

«ነይ፣ አብረን እንግባ» አለኝ። «አንቺ ንገሪያቸው። እኔ አሳንሼ ነው የምናገረው።»